ፈትሉ የማን ነው?

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ያኔም መምህራችን “ድርሰት ጻፉ” ሲሉ ሁለት መስመር ጽፌ ወረቀቱን በክንዴ ሸፍኜ ነበር የምቀመጠው። ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል፤ መጻፍም ሰው ፊት እንደ መናገር ሆኖብኝ ኖሯል። ስለዚህ አንዳንዱ ነገር ከቦታው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢመጣ ታገሡኝ።

ያነሳሳኝ የጥጥ ሽታ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አምቦ ገበያ በርበሬ ልገዛ ስሄድ አንዲት ሴት የጥጥ ጆንያ አፉን ስትፈታ ደረስኩ። ፍሬው ያልወጣለት ጥጥ ሽታ አለው፤ ዘይት ዘይት፣ አቧራ አቧራ ይላል። ቆሜ ቀረሁ። ሴትዮዋ “ምን ያህል ልስጥሽ?” ስትለኝ አፈርኩና ትንሽ ገዛሁ። ቤቴ ውስጥ እንዝርት እንኳ የለኝም። ጥጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሳየው ያ ክረምት ሙሉውን ተመለሰ።

አራተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነው። አባቴ “አዳዳሽ አሟታል፤ ውኃ የሚቀዳላት ሰው የለም” ብሎ ከአምቦ ወደ ጊንጪ ወሰደኝ። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ሰው ሁሉ አዴ በላይነሽ የሚላትን የአባቴን ታላቅ እህት እኔ አዳዳ ብቻ ነበር የምላት። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የጭልሞ ደን ከሩቅ እንደ ተቀመጠ ደመና የሚታይበት ቦታ ላይ ነበር።

እግሮቿ አብጠው ነበር። ሌሊት እንኳ ጋደም ብላ መተኛት ስለማትችል ግድግዳውን ተደግፋ ታድራለች። ቁርጭምጭሚቷን በጣቴ ስጫነው ጎድጎድ ብሎ ይቀራል፤ ቀስ ብሎ ይመለሳል። እኔ ሊጥ ይመስለኝ ነበር። ሊጥ ደግሞ ሲነፋ ጥሩ ነው፤ ስለዚህ የመዳን ምልክት ነው ብዬ አምን ነበር።

አዳዳና አባቴ ካቶሊኮች ናቸው፤ እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። ከጊንጪ ጎሕ ሲቀድ ተነስተው በእግር ረፋድ ላይ የሚደርሱበት አንድ ጋራ አለ። አናቱ ላይ ድሮ በበቅሎ የመጡ ካህናት ከአገሬው ጋር ሆነው የሠሩት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ሰዉ ጋራ ማርያም ይለዋል። የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት ቀን በዓሉ ይከበራል፤ ከአምቦም፣ ከአዲስ ዓለምም፣ ከደንዲ ገጠሮችም ሰው እየተሳለ ይመጣል። ውስጥ ካህናቱ ይዘዋት የመጡት የእመቤታችን ምስል አለች፤ ከእንጨት የተቀረጸች፣ ያኔ ከነበርኩት ከእኔ ትንሽ የምታጥር።

ልማዱ እንዲህ ነው። ምስሏ በየዓመቱ አዲስ ነጠላ ትለብሳለች። ፈትሉን የምትፈትለው ተራ የደረሳት ሴት ናት፤ ፍሬውን ከማውጣት እስከ መጨረሻው ልቃቂት ድረስ ከእሷ እጅ በቀር የሌላ ሴት እጅ አይገባበትም። በበዓሉ ዕለት አባ በሩ ላይ ቆመው “ፈትሉ የማን ነው?” ብለው ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። ስሟን ጮክ ብላ ትናገራለች። ያን ጊዜ ያለፈው ዓመት ነጠላ ከምስሏ ላይ ወርዶ ለፈታይዋ ይሰጣታል፤ የራሷ ሆኖ ይቀራል። የሚመልስ ከጠፋ አዲሱ ነጠላ ሳይለበስ ይመለሳል፣ አሮጌውም አይሰጥም ይባላል።

በዚያ ክረምት ተራው የአዳዳ ነበር።

በሐምሌ ዝናብ በሩ አጠገብ አጎዛ ላይ ትቀመጣለች። ጥጡን ድንጋይ ላይ ዘርግታ በብረት ዘንግ ስትዳምጠው ፍሬው ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። ከዚያ በደጋን ትነድፈዋለች። ጅማቱ ሲመታ ጥጡ እንደ ጉም ይነሳና ቅንድቧ ላይ ያርፋል። የእኔ ሥራ ውኃ መቅዳት፣ ድንች መቀቀልና እንዝርቱ ሲወድቅ ማንሳት ነበር። ማንሳት ይፈቀዳል፤ ፈትሉን መንካት አይፈቀድም። ስለዚህ እንዝርቱን በጫፉ ብቻ፣ እንደ ትኩስ ድንች ይዤ አቀብላት ነበር።

“አዳዳ፣ እመቤታችን ክረምት ክረምት ይበርዳታል?”

“ምነው?”

“ነጠላ የምትሠሪላት እንዳይበርዳት ነው?”

“እሷስ አይበርዳትም። ማልበስ የምንወደው እኛ ነን።”

“ልጆች ፈረንጅ ናት ይላሉ። ኦሮምኛ ትችላለች?”

እንዝርቱን አቆመችና አየችኝ። “ታዲያ እኔ ዕድሜ ልኬን በምን ቋንቋ ስጨቀጭቃት የኖርኩ መሰለሽ?”

ከሰዓት ከሰዓት ጎረቤቷ እትዬ ዘውዴ ምስር ይዘው እየመጡ እዚያው ተቀምጠው ይለቅማሉ። እትዬ ዘውዴ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ግን በየዓመቱ ጋራ ማርያም ሳይሄዱ ቀርተው አያውቁም።

“እኔ የምሄደው ለማርያም ነው” ይላሉ። “የሮሙን ነገር እናንተው ጨርሱት።”

“ማርያም ደጇ ላይ ቆማ መታወቂያ የምትጠይቅ መሰለሽ?” ትላቸዋለች አዳዳ።

“ብትጠይቅም የእኔ ጊዜው አልፎበታል!”

አዳዳ ስትስቅ ትንፋሽ ያጥራታል፤ እትዬ ዘውዴም ቶሎ ብለው ወሬ ይለውጣሉ። አንድ ቀን የነገሩኝ ወሬ ግን ልቤ ውስጥ ተተክሎ ቀረ። ድሮ አንዲት ሴት ታማ ለብዙ ጊዜ አልጋ ላይ ቀረች። ከምስሏ የወረደውን ነጠላ አለበሷት፤ በማግስቱ ተነስታ ጓሮዋ ወርዳ ጎመን ቀነጠሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓሯችን ያለውን ጎመን እንዳልጨርሰው እየቆጠብኩ መቀንጠስ ጀመርኩ፤ አዳዳ ስትነሳ እንዲተርፋት።

ሌላም ነገር ነበር። ከአልጋዋ ሥር የእንጨት ሳጥን አለ። አንድ ቀን እንዳወጣላት አዘዘችኝና ከፈተችው። ውስጡ የታጠፈ ነጭ አቡጀዲ፣ ከነወረቀቱ ያለ አዲስ ሳሙና፣ ያልተከፈተ የሽቶ ጠርሙስ፣ ጧፍና መቁጠሪያ ተደርድሯል። ከላይ ባዶ ቦታ ትታበታለች።

“ይሄስ ቦታ ለምንድን ነው?”

“እመቤታችን ለምትሰጠኝ ነጠላ።”

ደስ አለኝ። ሳሙናን ከነወረቀቱ፣ ሽቶን ሳይከፍት የሚያስቀምጥ ሰው ትልቅ ድግስ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ። ድና ሠርግ ልትሄድ ነው። የማን ሠርግ እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ መጠየቅ ያሳፍረኝ ነበር።

ነሐሴ ገባ። አንድ ቀን እንዝርቱ ከእጇ ወደቀ። አነሳሁላት። ወዲያው ወደቀ። እንደገና ሲወድቅ “ተዪው፣ አታንሺው” አለችኝ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ እንደ ሰው ዕቃ አየቻቸው። የቀረው የአንድ ልቃቂት ጥጥ ነበር።

“ኮቱ” አለችኝ፣ ነይ ማለቷ ነው። “እጅሽን ታጠቢ።”

“የአንድ ሴት እጅ ብቻ ነው ብለሽኝ አልነበር?”

“እጅሽን ታጠቢ አልኩሽ።”

ታጥቤ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ እጇን ዘርግታ የእጄን አንጓ ያዘችኝ። “እኔ ይዤሻለሁ። ስለዚህ የእኔ እጅ ነው” አለች። እንዝርቱን ጭኔ ላይ አሽከረከርኩት፤ ክሩ ተበጠሰ። ቀጠለችልኝ። ደግሞ ተበጠሰ። “አትጎትቺው፤ ራሱ ይምጣ” ትለኛለች ጆሮዬ ሥር። ሳላስበው ክር መሆን ጀመረ። እጇ ግን እየከበደ፣ እየከበደ መጥቶ ከአንጓዬ ላይ ተንሸራተተ። ዞር ስል ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ላቁም ወይስ ልቀጥል? ካቆምኩ ነጠላው አይደርስም፤ ነጠላው ካልደረሰ አሮጌው አይሰጣትም፤ ካልተሰጣት አትነሳም። ብቻዬን ፈተልኩት።

እትዬ ዘውዴ ልቃቂቱን አንስተው ክሩን ወደ ብርሃን ያዙት። አንዳንድ ቦታ እንደ ፀጉር ቀጥኖ አንዳንድ ቦታ አብጧል። “እሰይ!” አሉ። “አይጥ የዋጠ እባብ!”

ሸማኔው ኦቦ ደበላ ዘንድ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ከመሸመኛ ጉድጓዳቸው ሳይወጡ ልቃቂቶቹን አንድ በአንድ ተቀብለው ክሩን በአውራ ጣታቸው አሳለፉት። “ይሄ የአዴ በላይነሽ ነው። ይሄም የአዴ በላይነሽ ነው። ይሄስ?” መሬት መሬት አየሁ። ጭኔ በእንዝርት ቀልቷል፤ ቀሚሴን ወደታች ጎተትኩት። ኦቦ ደበላ ልቃቂቱን ከሌሎቹ ጋር ቀላቀሉና “ሂጂ” አሉኝ። “የደበላ ዓይን ደክሟል፣ ልዩነት አላየም ብለሽ ንገሪያት።”

ነጠላው ለበዓሉ ዋዜማ ደረሰ። በር ላይ የምትመልሰው አዳዳ መሆን ነበረባት፤ ፈታይዋ ከታመመች ከቤቷ ሰው ስሟን ይጠራላታል። ያ ሰው አባቴ ነበር። በዚያ ክረምት ግን መንገዱ አንዳንድ ቀን ይዘጋ ነበር። ማታ ላይ ስልክ ደወለ፤ “መኪና የሚባል የለም፤ አምቦ መናኸሪያው ባዶ ነው” አለ።

አዳዳ ስልኩን አስቀምጣ እኔን አየች። እትዬ ዘውዴም እኔን አዩ።

“እትዬ ዘውዴ ይጥሩላት” አልኩ።

“እኔ ከቤቱ አይደለሁም ልጄ። ብችል ጋራውን በጩኸት ባናወጥኩት ነበር።”

“ስሜን ብቻ ጥሪ” አለችኝ አዳዳ። “‘የበላይነሽ ነው’ በዪ። ሌላ ምንም የለውም።”

“ጮክ ብዬ?”

“ጮክ ብለሽ። አባ ጆሯቸው ከብዷል።”

ሰው ፊት መናገሩ ብቻ ቢሆን እንኳ ይበቃኝ ነበር። ግን ሌላም ነበረበት፤ የእሷ ብቻ ነው ካልኩ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ መዋሸቴ ነው። የእኔም አለበት ካልኩ ደግሞ ይመልሱታል፤ ለአዳዳም የሚያድናት ነጠላ ይቀርባታል። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም።

ጎሕ ሲቀድ ወጣን። የእትዬ ዘውዴ ልጅ ከአዳዳ ጋር ቀረች። ነጠላውን በላስቲክ ጠቅልዬ ከደረቴ ጋር አሰርኩት። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ኮንጎ ጫማዬን ደጋግሞ ይቀማኛል፤ እትዬ ዘውዴ ይመልሱልኛል። ከየገጠሩ ሰው ይፈስሳል፤ ነጭ ለብሰው ላስቲክ የደረቡ ሴቶች፣ በስለት ድንጋይ የተሸከሙ ወንዶች። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ጎልማሶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመው እኛን በመካከላቸው አሻገሩን። ከፊት የሚዘምሩት በኦሮምኛ ነው፤ ከኋላ ያሉት በአማርኛ ይቀበላሉ። እኔ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ “የበላይነሽ ነው፣ የበላይነሽ ነው” እላለሁ።

“ምን ታጉተመትሚያለሽ?” አሉኝ እትዬ ዘውዴ።

“እየጸለይኩ ነው።”

“እንግዲያው ለእኔም ጉልበት ጨምሪበት።”

ከቅዳሴ በኋላ ምስሏን አራት ወንዶች ተሸክመው በጥላ ሥር ወደ በሩ አወጧት። ያለፈውን ዓመት ነጠላ ለብሳለች። አፍንጫዋ ላይ ቀለሙ ተሰንጥቋል። እያየኋት አንድ ጠብታ ከዓይኗ ሥር በጉንጯ ወረደ፤ ልዋሽ መሆኔን አውቃ አለቀሰች ብዬ አቀረቀርኩ። ቀና ስል ጥላው ቀዳዳ ነበረው።

አባ በጣም ሽማግሌ ነበሩ። አዲሱን ነጠላ በሁለት ክንዳቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

“ፈትሉ የማን ነው?”

እትዬ ዘውዴ ጎኔን ቆነጠጡኝ።

“ፈትሉ የማን ነው?”

“የበላይነሽ ነው” አልኩ። ራሴም አልሰማሁትም።

ከኋላዬ አንዷ “ባለቤት የለውም እንዴ?” አለች። ሌላዋ “ያቺ ልጅ ናት መሰለኝ፤ ዲዳ ናት?” አለች።

አባ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። “ፈትሉ የማን ነው?”

“ጮክ በዪ ልጄ!” አሉ እትዬ ዘውዴ።

ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው የተለማመድኩት አልነበረም። “የአዳዳ ነው!” ብዬ ጮህኩ። “የበላይነሽ ነው! መጨረሻው ግን የእኔ ነው፤ እንዝርቱ ወደቀባት! ወፍራም ወፍራሙ የእኔ ነው! ነጠላውን ግን አትከልክሏት፤ ታማለች!”

ድምፄ የድንጋዩን ግድግዳ መትቶ ተመለሰ። ከዚያ በፊት ድምፄን እንዲህ ሰምቼው አላውቅም።

ሴቶቹ ማጉረምረም ጀመሩ። አባ ነጠላውን በጣታቸው እየዳሰሱ ሄደው ጫፉ ላይ ቆሙ። “ይሄ ነው?” አሉኝ።

“አዎ።”

አንዲት አሮጊት ወደፊት ወጣ ብለው “አባ፣ ደንቡ እኮ የአንድ እጅ ነው” አሉ።

አባ ፊታቸውን ወደ እኔ እንዳዞሩ “ምን አሉ? ጆሮዬ ከብዷል” አሉና ጠየቁኝ፤ “ስምሽ ማን ነው ልጄ?”

“አያንቱ።”

ቀና ብለው ለሕዝቡ “የበላይነሽና የአያንቱ ነው” አሉ። አሮጌውን አውርደው አዲሱን አለበሷት። የእኔ ወፍራም ክር ትከሻዋ ላይ ዋለ። አሮጌውን ክንዴ ላይ አስቀመጡልኝ። ከጠበቅኩት ይከብድ ነበር፤ የጧፍና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ነበረው።

ስንመለስ እትዬ ዘውዴ መንገዱን ሁሉ አልቀለዱም። እኔ እሮጥ ነበር። በሩን ከፍቼ ነጠላውን ከላስቲኩ አወጣሁና አዳዳ ላይ ዘረጋሁት፤ ያበጡት እግሮቿ እንዳይቀሩ ወደታች ሳብኩት።

“በቃ ተሸፈኚ። ነገ ትነሻለሽ” አልኳት። “ጎመኑን ቆጥቤልሻለሁ።”

ነጠላውን ሰብስባ ፊቷ ላይ አድርጋ አሸተተችው። ብዙ ቆየች። “በሩ ላይ ምን አልሽ?” አለችኝ።

ነገርኳት። ዱላ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ሲያልፍ ደግሞ ሳቀች።

“ሰው ፊት? አንቺ?”

“ኤዬ” አልኳት፣ አዎ ማለቴ ነው።

ነጠላውን ከላይዋ ላይ አነሳች። እያረፈች፣ ጠርዙን ከጠርዙ እያገጠመች አጠፈችው። “ሳጥኑን አምጪ” አለችኝ። “እላዩ ላይ አድርጊው።”

“መልበስ ነው እንጂ! እትዬ ዘውዴ፣ ይንገሯት!”

ለሁሉም ነገር መልስ ያላቸው እትዬ ዘውዴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የተሰቀለውን እርጥብ ነጠላቸውን እንደገና መስቀል ጀመሩ።

ሳጥኑን ከፈትኩት። አቡጀዲው፣ ሳሙናው፣ ሽቶው እንዳለ ነው። አምቦ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ የሞቱ ጊዜ ሰዎች ይዘው ሲገቡ ያየሁት እነዚህኑ ነበር፤ በዚያ ቤት ውስጥ ድግስ አልነበረም። ቀና ብዬ አዳዳን አየኋት፤ እሷም ታየኝ ነበር፤ እስክጨርስ እንደምትጠብቅ ሰው። ነጠላውን ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ልክ ሆነ። በእጄ ደልደል አደረግኩትና ክዳኑን ዘጋሁ።

መንገዱ ሲከፈት አባቴ መጣና ወደ አምቦ ልንመለስ ሆነ፤ የትምህርት ቤት ምዝገባ ደርሶ ነበር። መኪናው አስፋልቱ ላይ ቆሞ ጥሩንባ ይነፋል። እጇን ሳምኩት። እሷ ግን መፍተል ያስተማረችኝ ጊዜ እንደያዘችኝ አንጓዬን ያዘች።

“ለአዲስ ዓመት አደይ አበባ ይዤ እመጣለሁ” አልኳት።

ጎትታ ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋችው።

“እዚያኛው በር ላይ እኔንም ይጠይቁኛል” አለችኝ። “ያንቺንም ስም አብሬ እጠራለሁ። ጮክ ብዬ።”